ለ9 ወር ህፃን የገና ስጦታ ምን ልግዛ? የወንድሜ ልጅ ናት

የቱሉዲምቷ አክስት

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የወንድሜ ልጅ ለገና ዘጠኝ ወር ይሞላታል። ለቤታችን የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ስለሆነች ዘመድ ሁሉ የሆነ ነገር ልግዛላት እያለ ነው፣ እኔም አክስት ሆኜ ባዶ እጄን አልሄድም። እነሱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ናቸው፣ በዓሉን እዛው ነው የምንውለው።

አሁን ያለችበትን ልንገራችሁ፣ ያለ ድጋፍ ትቀመጣለች፣ መዳህ ጀምራለች ግን ገና በሆዷ እየተጎተተች ነው፣ ከታች ሁለት ጥርስ አውጥታለች፣ እጇ የገባውን ነገር ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው፣ የእናቷ ነጠላ ጫፍ በሉት የስልክ ቻርጀር በሉት ምንም አይቀራትም። ሱቅ ዞሬ ዓይኔ የገባው ሙዚቃ ያለው ዎከር (ህፃን ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ)፣ ከራሷ የሚበልጥ ፀጉራም ድብ እና ሲነኩት የሚዘፍን የፕላስቲክ ስልክ ነው። እማዬ ደግሞ ተዋጥተን የወርቅ ጆሮ ጌጥ እናድርግላት፣ ዕድሜ ልኳን ይኖራታል ትላለች። ለብቻዬ ከሆነ እስከ 2500 ብር አወጣለሁ። የቸገረኝ ለዚህ ዕድሜ የሚሆነውን መለየት ነው፣ ካርቶኑን ካያችሁት ሁሉም ላይ የሚስቅ ህፃን አለ። የወለዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጣፎ ልጅ

ዎከሩን ግዢ። እኛ ሰፈር ያልተጠቀመበት ልጅ የለም፣ እናት ስራዋን ትሰራለች ልጅቷም ትጫወታለች፣ በዛ ላይ ቶሎ ትሄዳለች።

ሲስተር ከሰሚት

እህቴ እንኳን ለመጀመሪያ ገናዋ አደረሳችሁ። እኔ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ነው የምሰራው። ከስጦታው በፊት አንድ ነገር፣ ዘጠኝ ወር ማለት የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የምትወስድበት ጊዜ ነው፣ በበዓል ግርግር እንዳይረሱት አስታውሺያቸው። ሁለተኛው በ15 ወር ነው።

ወደ ስጦታው ስንመጣ ዎከሩን እባክሽ ተይው። ቶሎ ያስኬዳል የሚባለው ልክ አይደለም። ልጁ ዎከር ውስጥ ሲሆን ተንጠልጥሎ በጣቱ ጫፍ ነው የሚገፋው፣ ሚዛኑን ራሱ አይጠብቅም፣ እግሩን አያይም፣ መሬት ላይ መዳህና ይዞ መነሳት የሚለማመድበት ሰዓት ይወሰድበታል። እንደውም የሚያዘገያቸው አሉ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነቱ ነው፣ እናት ዞር ሳትል ልጁ ክፍሉን አቋርጦ ደረጃው ጋ ወይ የቡና ከሰሉ ጋ ደርሷል። አንቺ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው ያልሽው፣ በበዓል በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚውለው። ካናዳ ከ2004 (በፈረንጅ) ጀምሮ መሸጥም ማስገባትም ከልክላለች፣ ያገለገለውንም ጭምር። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች ማህበርም እንዲከለከል ሲጠይቅ ነው የኖረው።

ለዘጠኝ ወር ልጅ ስትገዢ መጀመሪያ "አፏ ውስጥ ቢገባስ?" ብለሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱም መግባቱ አይቀርም። በዚህ ዕድሜ አፍ እንደ እጅ ነው፣ ዕቃን የሚያውቁት በአፋቸው ነው፣ ልጅቷን መከልከል ሳይሆን ቢገባም የማይጎዳ ነገር መስጠት ነው። ቀጥለሽ ደግሞ አሁን ሰውነቷ ምን እየተለማመደ ነው ብለሽ አስቢ። እየተጎተተች ከሆነ የሚንከባለልና ተከትላው የምትሄደው ነገር ደስ ይላታል፣ ለስለስ ያለ ኳስ በይው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ትንሽ ነገር ማንሳት የምትጀምረውም አሁን ነው፣ ለዚህ ነው መሬት ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ሁሉ ከእኛ በፊት የሚታያት።

ጣፎ ልጅ

ሲስተር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የኔ ሁለት ልጆች በዎከር ነው ያደጉት ምንም አልሆኑም። እናት ወጥ ስትሰራ ልጁን የት ታድርገው? አዝላው ምድጃ ጋ ትቁም?

ሲስተር ከሰሚት

@ጣፎ ልጅ ወንድሜ ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ የኛ እናቶች ችግር እሱው ነው። እኔ የምለው ምንጣፍ አንጥፎ ዙሪያውን ሶፋና ትራስ አድርጎ መሬት ላይ መልቀቅ፣ ወጥ ቤት በር ላይ የሆነ ነገር አግድም ማድረግ። ይዛ መነሳት ስትጀምር ደግሞ የማይገለበጥ ከባድ ዱካ ይበቃታል፣ እሱን ይዛ ወፌ ቆመች ትባልበታለች። ዎከር ላይ ያለ ልጅ ጠባቂ አያስፈልገውም ብለን ዞር የምንለው ነገር ነው አደጋው፣ ከመሬት ይልቅ ዎከር ላይ ያለው ነው የበለጠ ዓይን የሚፈልገው።

የመንታ እናት አያት

አያት ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ መንታ ነው ያሳደግኩት። እህቴ እውነቱን ልንገርሽ በዘጠኝ ወር ልጅ የሚወደው ነገር ሱቅ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ጨዋታ ነው ያላቸው፣ አንደኛው መጣል ነው፣ ይጥላሉ አንቺ ታነሺያለሽ እንደገና ይጥላሉ፣ አንቺ ሲደክምሽ እነሱ ገና መጀመራቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ መደበቅ ነው። ከስድስት ወር በፊት ኳሱን በጨርቅ ብትሸፍኚባቸው ጠፋ ብለው ይተዉታል፣ በዘጠኝ ወር አካባቢ ግን ጨርቁን ገልጠው ይፈልጉታል። የጠፋ ነገር እንዳለ የገባቸው ለታ እኮ ነው አኩኩሉ የሚያስቃቸው። እናታቸው ከክፍል ስትወጣ ማልቀስ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም መሄዷን አውቀዋል።

ስለዚህ እኔ ብሆን አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገቡ የፕላስቲክ ስኒዎች ነው የምገዛው፣ ትልቁ ትንሹን እየዋጠ የሚሄደው አለ አይደል፣ መገናኛም መርካቶም ሞልቷል። አሁን ትጥላቸዋለች ትነክሳቸዋለች እርስ በርስ ታጋጫቸዋለች፣ ዓመት ሲሞላት አንዱን አንዱ ውስጥ ትከታለች፣ ከዛ በኋላ ትደረድራለች፣ ገላዋን ስትታጠብ ውሃ ትቀዳበታለች። ሁለት ዓመት ድረስ ነው የሚያገለግለው። የሚዘፍነው ስልክ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ቁልፉ ሲነካ ይዘፍናል በቃ። ለዛውም ድምፁ መቀነሻ የለው፣ እኛ ቤት ሰው አምጥቶልኝ ነበር፣ አንዷ ልጄ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነበር የምትይዘው፣ ጨክኜ ባትሪውን አወጣሁት።

መርካቶ ሱቅ አለኝ

የልጆች ዕቃ እነግዳለሁ፣ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ አባት ልንገርሽ እህቴ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የሚስቅ ህፃን አትመልከቺ፣ ገልብጠሽ ከኋላና ከጎን አንብቢው። ክብ ቀይ ምልክት አለ፣ ውስጡ የህፃን ፊት ተስሎ 0-3 ተብሎ በመስመር የተሰረዘ። እሱ ካለ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው፣ የሚነቀል ትንሽ ነገር አለው። አንዳንድ ገዢ "ከሦስት ዓመት በታች ብሎታል ጥሩ ነው" ብሎ ገልብጦ ተረድቶ ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ጠርቼ እመልሳለሁ።

ሁለተኛ ባትሪ ያለው ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን እዪ። በጥፍር የሚከፈት ከሆነ አስቀምጪው። በተለይ ያቺ ክብ እንደ ሳንቲም ያለችዋ ባትሪ ያለችበትን በጭራሽ። የሚዘፍኑ ካርዶችና የሚበሩ ትንንሽ ጌጦች ላይ ነው የምትገኘው።

ሦስተኛ አሻንጉሊት ስትገዢ ሱቅ ውስጥ ሆነሽ ዓይኑን ሳቢው። አትፈሪ ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ። ዓይኑ በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ጠርዙ ላይ የደረቀ ሙጫ ታያለሽ፣ በጥፍርሽ ጫር ስታደርጊው ከፍ ይላል፣ እሱ በልጅ ምራቅ ርሶ አንድ ሳምንት አይቆይም። በክር የተጠለፈ ዓይን ያለው ይሻላል። ፀጉሩንም ጎትተሽ እዪ፣ እጅሽ ላይ ከቀረ የልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዛ አሽቺው፣ ናፍጣ ናፍጣ ወይ ቀለም ቀለም የሚል ፕላስቲክ ለሚነክስ ልጅ አይሰጥም።

ሲስተር ከሰሚት

መርካቶ ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የባትሪዋን ነገር ላስረግጥ። ያቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለች። ልጁ መጀመሪያ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ አልበላም ማለት፣ እንደ ጉንፋን ሳል። ውጣ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስታውኩ፣ እስኪወጣ እንጠብቅ አትበሉ፣ ቀጥታ ራጅ ያለው ሆስፒታል ነው። ከእናንተ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ይቀርባል።

ትልቅ ትንሽ የሚለውን ደግሞ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶን ያዢ፣ በዛ ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለሷ ትንሽ ነው።

እትዬ ከቡራዩ

ልጆቼ ሁላችሁም ደግ ትናገራላችሁ። እኔ የልጅ ልጆች ያየሁ ነኝ። በእኛ ጊዜ ለገና አሻንጉሊት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ዛፉም ስጦታውም ኋላ የመጣ ነው። ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ፣ ለልጅ አዲስ ልብስ ነበር፣ እሱም ከተገኘ። አሁንም ለህፃን ልብስ አይጠላም። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ የሸማ ቀሚስ ግዢላት፣ ስታድግ ፎቶዋን ታየዋለች። የጆሮ ጌጡንም እናትሽ አልተሳሳቱም፣ ወርቅ ወርቅ ነው።

የቱሉዲምቷ አክስት

እትዬ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሸማውን አስቤው ነበር ግን ጥልፉ ይኮሰኩሳት ይሆን ብዬ ነው።

የመንታ እናት አያት

ጥልፉ ደረቷ ላይ ሳይሆን ታች ጫፉ ላይ ያለውን ምረጪ፣ ከውስጥ ስስ ጥጥ ካናቴራ ታለብሺያታለሽ። ልክ ደግሞ የዓመት ተኩል ግዢ፣ ለዘጠኝ ወር ብለሽ ከገዛሽ ለፋሲካ አይገባትም። በየጌጡ ዶቃ የተሰፋበትን ተይው፣ ዶቃ የሚበጠስ ነገር ነው። ጫማ አትግዢ፣ እስክትሄድ ባዶ እግር ነው የሚሻላት፣ ጣቶቿ መሬቱን ይያዙት።

ሲስተር ከሰሚት

እትዬ በወርቁ ላይ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ወርቁ ይገዛ ግን እናቷ ሳጥን ውስጥ ትቆየው። የጆሮ ጌጥ መያዣዋ ትንሽ ናት፣ ተኝታ ስትገላበጥ ይወልቅና አፏ ነው የሚገባው። የአንገት ሐብልም እንደዛው፣ በዚህ ዕድሜ አንገት ላይ የሚጠመጠም ረጅም ነገር ያስፈራኛል። የጡት ጫፍ ላስቲኳን በረጅም ክር አንገቷ ላይ የሚያስሩም አሉ፣ እሱንም አይደረግ።

እትዬ ከቡራዩ

እሺ ልጄ፣ ሳጥን ውስጥ ይቆይላት። ያም ስጦታ ነው።

አናጢው ሰበታ

እኔ እንጨት ሰራተኛ ነኝ። አጎት የሆነ ሰው ወይ ጎረቤት አናጢ ካላት ከግራር ወይ ከዋንዛ ቁራጭ አራት አምስት ትልልቅ ኪዩብ ማሰራት ይቻላል፣ ከልጅቷ ጭብጥ የሚበልጡ። ማዕዘኑን ክብ ማድረግ፣ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው ከዛ በልስልሱ ማሸት፣ ውሃ ነክሮ ማድረቅና የተነሳውን ፀጉር ደግሞ ማሸት። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት የሚዘነጓት፣ ምራቅ ሲነካው እንጨት ፀጉር ያወጣል። ቀለም አትቀቡ ቫርኒሽም አትቀቡ። ቀለም ላይ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት እንዳይበዛ በመንግስት ደንብ ወሰን ወጥቷል፣ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ)፣ ግን ቤት ውስጥ ያለ የድሮ ቆርቆሮ ቀለም ምን እንዳለበት ማን ያውቃል። ከተፈለገ ንፁህ የተልባ ዘይት ቀብቶ እስኪደርቅ ብዙ ቀን ማቆየት ነው። ለገና ከሆነ አሁኑኑ መጀመር አለበት።

ኮዬ ብሎክ 40

እኔ የማይመስላችሁ ነገር ልናገር። ዳይፐር ግዢ። አሁን የኑሮ ውድነቱን እያየሽ፣ ወንድምሽ ምንም ባይልሽም አንድ ትልቅ እሽግ ዳይፐር ይዘሽ ስትገቢ የእናቷን ፊት ታያለሽ። ህፃኗ እንደሆነ ገና ገናን አታውቀውም።

የመንታ እናት አያት

ይሄ ልክ ነው። ግን ኪሎዋን ጠይቂ፣ ዳይፐር በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚገዛው፣ ጠባብ ከገዛሽ ቆዳዋን ይልጠዋል።

የኮልፌ አባት

የኔን ደግሞ ስሙኝ። ስልክ ወይ ታብሌት "የልጅ ካርቱን ያያል" ብሎ የሚሰጥ ዘመድ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (በፈረንጅ) ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም ነው የሚለው። ልጅ ቃል የሚማረው ከሰው ፊት ነው።

እኔ ለልጄ ያደረግኩት የቤተሰቡን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ፣ አያት አጎት አክስት እያንዳንዱ ለብቻው፣ ፎቶ ቤት ሁለቱንም ፊት በወፍራም ላስቲክ አሽጎልኝ፣ ማዕዘኑን በመቀስ ክብ አድርጌ፣ በወፍራም ጨርቅ ሪባን አጠር አድርጌ አሰርኩት። መፅሐፍ ሆነ ማለት ነው። በአማርኛ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ወፍራም ገፅ ያለው መፅሐፍ እንደልብ አይገኝም፣ ቢገኝም ውስጡ ያለው የማታውቀው አንበሳና ዝሆን ነው። የአያቷን ፊት ግን ታውቀዋለች። "እማማ የታለች?" ስትላት ዓይኗን ወደ ፎቶው ትወስዳለች፣ ቀስ በቀስ በእጇ ትመታዋለች፣ በዓመቷ አካባቢ በጣቷ ትጠቁማለች። ውጪ አገር ያለ ዘመድ ካላችሁ እሱንም ጨምሩበት። ከ2500 ብር ብዙ ነው የሚተርፍሽ።

የቱሉዲምቷ አክስት

@የኮልፌ አባት ወንድሜ ይሄ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አባታችን አርፈዋል፣ እሳቸውን አላየቻቸውም፣ ፎቷቸው እዛ ውስጥ ይገባል። እማዬ ስታየው የምትሆነውን አሁን ይታየኛል።

በቃ እንግዲህ እንደዚህ አሰብኩ፣ የሚደራረቡት ስኒዎችና የፎቶው መፅሐፍ ከኔ፣ ዳይፐሩን ታናሽ እህቴ ትግዛ፣ ወርቁን እማዬ ትግዛና ለእናቷ በእጇ ትስጣት። ድቡን ሰው ከገዛው ምን እናድርገው?

መርካቶ ሱቅ አለኝ

ድቡ ሶፋ ላይ ይቀመጥ፣ አልጋዋ ውስጥ አይግባ። ስኒውን ስትገዢ ትንሿ ከታች ቀዳዳ ያላትን ምረጪ፣ ፊቷ ላይ ብትደፋው እንዳይጣበቅባት።

ሲስተር ከሰሚት

ትክክል፣ ዓመት እስኪሞላት ስትተኛ አልጋዋ ላይ ለስላሳ አሻንጉሊትም ትራስም አይኑር፣ ፊቷ ላይ ቢወድቅ ትንፋሿን ሊዘጋ ይችላል።

አሁን አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ስለ ስጦታው ሳይሆን ስለ ቀኑ ነው። በዓል ነው፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ቆሎ ይዞራል። ልጅቷ ደግሞ መሬት ላይ ናት፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ትንሽ ነገር በሁለት ጣቷ ማንሳት የጀመረችበት ወቅት ነው። አሻንጉሊቱን ይሄን ያህል መርጠን ቄጠማው ስር ያለች አንዲት የሽምብራ ቆሎ ብታነቃት ምን ዋጋ አለው። ፈንዲሻው በዚህ ዓመት አይበተን፣ ሰፌድ ላይ ሆኖ ከፍ ይበል፣ እሷ ያለችበት ምንጣፍ ላይ ቄጠማ አይጎዝጎዝ። የሚነፋ ፊኛ አታምጡ፣ የተቀደደ ፊኛ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ጀበናና ከሰሉ ደግሞ እሷ የማትደርስበት ጥግ ይሁን። የመጣ ሰው ሁሉ ሊያጎርሳት ይፈልጋል፣ ማር በጭራሽ፣ ዓመት ሳይሞላት ማር አይሰጥም፣ ለህፃን አንጀት የሚከፋ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

የቱሉዲምቷ አክስት

ሲስተር ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቢያንቃትስ ምን ይደረጋል? እኔ ያኔ እደነግጣለሁ።

ሲስተር ከሰሚት

አጥብቃ እያሳለች ወይ እያለቀሰች ከሆነ አትንኳት፣ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል፣ አጠገቧ ሁኑ። ድምፅ ካጣች፣ ሳሏ ከደከመ ወይ ከንፈሯ ከጠቆረ በደረቷ ክንድሽ ላይ አስተኚያት፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ዝቅ ይበል፣ አገጯን በእጅሽ ያዢ፣ በሌላው መዳፍሽ የታችኛው ክፍል በሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺ። ካልወጣ በጀርባዋ ገልብጠሽ ደረቷ መሃል አጥንቱ ላይ አምስት ጊዜ ተጫኚ። እስኪወጣ ወይ እስክትዝል ድረስ እየቀያየርሽ ቀጥዪ። ከዛለች ወይ ትንፋሿ ከቆመ ለትንፋሽና ለልብ የሚሰጠውን እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይጀምር። ጣትሽን አፏ ውስጥ ከተሽ አትፈልጊ፣ የሚታይሽ ነገር ካልሆነ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። በእግሯ አንጠልጥሎ መነቅነቅ፣ ውሃ ማጠጣት አይደረግም። ሌላ ሰው በዛ መሃል 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ከበዓሉ በፊት ከወንድምሽና ከሚስቱ ጋር አሻንጉሊት ይዛችሁ ተለማመዱት። ድቡ ለዚህ ይጠቅማል።

ጣፎ ልጅ

ሲስተር እኔም ይሄን ገልብጬ ለባለቤቴ ልኬላታለሁ። ዎከሩን ለጎረቤት ልንሰጠው ነበር፣ እንግዲህ ጎማውን ፈትተን ነው የምናስቀምጠው።

አናጢው ሰበታ

@ጣፎ ልጅ ጎማውን ከፈታህ አምጣልኝ፣ የሚገፋ የእንጨት ጋሪ እሰራበታለሁ፣ ለዓመት ተኩል ልጅ ነው የሚሆነው።

የቱሉዲምቷ አክስት

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ፅፌያለሁ፣ ፈንዲሻ እንዳይበተን፣ ፊኛና ባትሪ ያለው ነገር እንዳይመጣ፣ ማን ምን እንደሚገዛ ተከፋፍለናል። አጎቴ ብቻ ነው ዎከሩን አስቀድሞ ገዝቶ የጨረሰው፣ ነገ ደረሰኙን ይዘን ልንመልሰው ነው፣ ባለሱቁ በስኒ ከቀየረልን እሰየው።